«ሞተሩ ይውረድ» ከማለታችን በፊት

በዚህች ቡለቲን ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና፣ ሃይብሪድ፣ ራሷን የምትነዳ መኪና፣ ወዘተ። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ ኮሮላ ነው። የጎረቤታችን መኪና ናት። ባለቤቷን ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። በእሷ ከእንጅባራ ዳንግላ፣ ከዳንግላ እንጅባራ እየተመላለሱ በኮንትራት ሰው እየጫኑ ልጆቻቸውን ያሳድጋሉ። ይህችን መኪና ለሞት ካደረሷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው አንዳችሁም እንዳትደግሙት ነው፤ ደግሞም በአሠለጣጠናችን ላይ የምለው ነገር ስላለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለትብብር ስልጠና አንድ ጋራዥ ተመደብኩ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከሌሎቹ የባሰ ጋራዥ አልነበረምና። ክረምት ነበር። የእንጅባራን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጉሙ አፍህ ውስጥ ይገባል። ጋሼ መኪናቸውን ይዘው መጡና «ይህቺ መኪና ጠዋት ጠዋት በሦስት ነው የምትሠራው፣ ትንቀጠቀጥብኛለች» አሉ። ቀጥለውም ሳይጠየቁ «ዳንግላ ስደርስ ግን ይተዋታል» ብለው ጨመሩ። ጋራዡ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። «ዳንግላ ትወዳለች ማለት ነው!» ተባለ። ምርመራው በዚሁ አለቀ።

አሁን ሳስበው ያፍረኛል። ሰውዬው በሽታውን ሙሉ በሙሉ ነግረውን ነበር። ጠዋት፣ በእርጥበት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይቆራረጣል። ከአዲስ ቅዳም አልፎ ዳንግላ ሲደርስ ሞተሩ ግሏል፣ ኮፈኑ ሥር ያለው እርጥበት ደርቋል፣ ስለዚህ ይተዋል። አንድ ሞተር የሚሠራው ሦስት ነገሮች በሰዓታቸው ሲገናኙ ነው፤ የተመጣጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ በቂ ኮምፕሬሽን፣ እና በትክክለኛው ቅጽበት የሚፈነጥቅ እሳት። ፒስተኑ የተበላ ቢሆን ዳንግላ ሲደርስ አይድንም። ሲደርቅ የሚድን በሽታ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሳቱ ላይ ነው፤ ማለትም ከኮይል እስከ ካንዴላ ባለው መንገድ ላይ። ይህንን በክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ በፈተናም ጽፈነዋል። ብቻ ጋራዥ ስንገባ የተማርነውን በር ላይ ጥለን እንገባለን መሰለኝ።

እና ምን አደረግን? አራት አዲስ ካንዴላ ገዙ። አልዳነም። ኮይል ተለወጠ። አልዳነም። የቤንዚን ፊልትሮ ተለወጠ። እንዳጋጣሚ ዝናቡ ሁለት ቀን ሲያቆም መኪናዋ ዳነች፤ «ፊልትሮው ነበር» ተባለ። ዝናቡ ሲመለስ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ኃላፊያችን «ታይሚንግ ቤልቱም አርጅቷል፣ እሱንም እንለውጠው» አለ። የቤልቱ ማርጀት እውነት ነበር፣ ስንጥቅጥቅ ብሎ ነበር። ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። የመጀመሪያዬ ስለነበር ደስታዬ ሌላ ነበር!

የኮሮላዋ ሞተር ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ነው። በአገራችን እንደ አሸዋ የበዛ፣ አራት ሲሊንደር፣ የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 የሆነ ሞተር። ክራንኩን አዙሬ ምልክቱን ዜሮ ላይ አመጣሁ፣ የካሙን ምልክት አየሁ፣ አሮጌውን ቤልት ፈታሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ መወጠሪያውን ለቀኩት፣ ቡሎኑን አሰርኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ። ሞተሩ በሞተሪኖ ሲቀሰቀስ ተነሳ። ኃላፊው ታይሚንግ ላይት አበራ፤ ምልክቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። «ትንሽ ነው» ብሎ ዲስትሪቢዩተሩን ፈታ አድርጎ አዞረና ምልክቱን ቦታው አመጣው። ጋሼ ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነውና። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ይዞራል። የካሙ ጥርስ ለምሳሌ 40 ቢሆን አንድ ጥርስ መሳት በካሙ ላይ 9 ዲግሪ ነው፣ በክራንኩ ሲቆጠር ግን 18 ዲግሪ ይሆናል። ቫልቮቹ በ18 ዲግሪ ዘግይተው ይከፈታሉ፣ በ18 ዲግሪ ዘግይተው ይዘጋሉ። የማስገቢያው ቫልቭ ሲዘገይ ፒስተኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላም ክፍት ስለሚሆን የገባው አየር ተመልሶ ይወጣል፤ ኮምፕሬሽኑ በአራቱም ሲሊንደር እኩል ይወርዳል። በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ካሙ ስለሆነ ካሙ ሲዘገይ እሳቱም አብሮ ይዘገያል። ኃላፊያችን በላይት ያየው መዘግየት ይህ ነበር። እሱ ዲስትሪቢዩተሩን ሲያዞር እሳቱን አስተካከለ፣ ቫልቮቹን ግን እንደዘገዩ ተዋቸው። ማለትም የእኔን ስህተት ሸፈነልኝ። ሆን ብሎ አይደለም፣ «ለምን ወደ ኋላ ቀረ?» ብሎ አልጠየቀም እንጂ።

የእኔስ ስህተት የት ላይ ነው? ቤልቱን ሳስገባ በካሙና በክራንኩ መካከል ያለውን፣ መወጠሪያ የሌለበትን ወገን ሳልወጥር ተውኩት። መወጠሪያው ሲለቀቅ ልሉን ሰብስቦ ካሙን ከምልክቱ አንሸራተተው። ይህ የሚታወቀው ደግሞ ቀላል ነው። ቤልቱ ከገባ በኋላ ክራንኩን በቁልፍ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር፣ ከዚያ ምልክቶቹን እንደገና ማየት። ሁለት ዙር የሆነበት ምክንያት ካሙ አንድ ሙሉ ዙር ጨርሶ ወደ ምልክቱ እንዲመለስ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ አላዞርኩም። ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነበር፣ እኔም ቶሎ ጨርሶ ለመታየት ቸኩዬ ነበር። 4ኤ-ኤፍኢ ቤልቱ ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን የማይጋጩበት ሞተር በመሆኑ ምንም አልተሰበረም። ቫልቭና ፒስተን የሚገናኙበት ሞተር ቢሆን ኖሮና ብዙ ጥርስ ብስት ኖሮ ያኔውኑ ቫልቭ አጥፌ እዋረድ ነበር። አንዳንዴ መዋረድ ይሻላል፤ ቢያንስ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሁለት በሽታ ይዛ ሄደች። የጠዋቱ መቆራረጥ እንዳለ ነው፣ ምክንያቱም አልተነካም። በላዩ ላይ ሚኒሞዋ ተበላሸ፣ ቤንዚን መጠጣት ጀመረች፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ያለውን ዳገት ስትወጣ ጉልበት አጣች። ጋሼ ተመልሰው መጡ። ኮምፕሬሽን ተለካ፤ አራቱም 8 ኪሎ ገደማ። ማኑዋሉ ሲታይ ጤነኛ ሞተር ከ13 ኪሎ በላይ፣ ዝቅተኛው 10 ኪሎ ይላል። ፍርዱ ተሰጠ፦ «ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ይውረድ፣ ባሕር ዳር ወስደን ሬክቲፊካ እናስገባዋለን።» ጋሼ ምንም አላሉም። በሳምንቱ አንድ ጊደር እንደሸጡ እናቴ ነገረችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ወደ ኮሌጅ ሄጄ ለመምህራችን ነገርኩት። ከጋሼ ፈቃድ ጠይቀን መኪናዋን ወርክሾፕ አስገባናት። መምህሩ ለግማሽ ሰዓት ያህል መፍቻ አልነካም። መጀመሪያ ጋሼን አስቀምጦ ጠየቃቸው፦ መቼ ጀመረ? ጠዋት ነው ወይስ ሁልጊዜ? ሲዘንብ ይብሳል? ዳገት ላይ ወይስ ስትቆም? ጉልበት ያጣችው ከመቼ ጀምሮ ነው? «ቤልቱ ከተለወጠ ወዲህ» አሉ ጋሼ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ አየ። ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ጣቱን አስቀመጠና «ይሄን እዚህ ድረስ የገፋው ማን ነው?» አለ። የማሰሪያው ቡሎን ከክፍተቱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለውም። ጤነኛ ሞተር ላይ ወደ መሃል ገደማ ነው የሚገኘው።

ኮምፕሬሽኑን እንደገና ለካን፤ ያው 8 ነው። በየሲሊንደሩ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረን ስንለካ ብዙም አልጨመረም። ፋሻው የተበላ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍነው ንባቡ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ፋሻ አይደለም። አራቱም እኩል ስለወረዱ ደግሞ የአንድ ቫልቭ መቃጠልም አይደለም፤ በሽታው አራቱም የሚጋሩት ነገር ላይ ነው። ክዳኑ ተከፈተ፣ ክራንኩ ዜሮ ላይ መጣ፣ የካሙ ምልክት አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ቀርቷል። የእኔ ጥርስ።

አስተካክለን ስንለካ 9 ኪሎ ተኩል አካባቢ መጣ። እኔ አሁንም ተስፋ ቆረጥኩ፤ ማኑዋሉ ዝቅተኛው 10 ነው ይላልና። መምህሩ ሳቀ። «ማኑዋሉ የተጻፈው እንጅባራ ነው እንዴ?» አለኝ። ይህችን ነገር እባካችሁ በደንብ ያዙልኝ፣ በክፍል ውስጥ ማንም አልነገረንም ነበርና። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ቀድሞውኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጌጁ ላይ የሚታየውም ቁጥር በዚያው ልክ ይወርዳል። ማኑዋሉ ላይ 13 የሚለው እዚህ ከ10 በታች ቢሆን ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዳንግላ ትንሽ ዝቅ ስለምትል ንባቧ ትንሽ ይሻላል፣ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያም ይሻላል። በዚህ ከፍታ ላይ የውጭውን ቁጥር እንደ ሕግ ይዘን ስንቱ ጤነኛ ሞተር «አልቋል» ተብሎ እንደወረደ እግዚአብሔር ይወቅ። መፍትሔው ቀላል ነበር። በየጋራዡ ጤነኛ መሆኑ የታወቀ መኪና ሲገኝ እዚያው ከተማ ላይ ለክቶ ግድግዳ ላይ መጻፍ።

የመጀመሪያው በሽታ ቀረ። መምህሩ ከመሸ በኋላ ጠራን፤ መብራት አጥፍተን ሞተሩን አስነስተን በሚረጭ ጠርሙስ ውኃ ካንዴላ ገመዶቹ ላይ ነፋን። የሦስተኛው ገመድ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲዘል በዓይናችን አየን! ሞተሩም ወዲያው በሦስት መሥራት ጀመረ። ገመዱ ተበልቶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ አካል ያመልጥ ነበር። ቶዮታ የአንድ ገመድ ተቃውሞ ከ25 ኪሎ ኦም እንዳይበልጥ ይላል፤ በመልቲሜትር ብንለካው እንኳ ሊያልፍ ይችል ነበር፣ ምክንያቱም የተበላው መሸፈኛው እንጂ ውስጡ አይደለም። አንድ ስብስብ ገመድ። ጋሼ ለካንዴላ፣ ለኮይል፣ ለፊልትሮ፣ ለቤልት ከከፈሉት ጋር ሲነጻጸር የቡና መጠጫ ነው።

አሁን ወደ አስተያየቴ ልግባ። እኛ አዊዎች የፈረስ ሕዝብ ነን። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ያላየ አለ? ፈረስ ያሳደገ ሰው ፈረሱ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሶምሶማ ያስረግጠዋል፣ የትኛውን እግር እንደሚሳሳ ያያል፣ ከዚያ ያንን እግር አንስቶ ኮቴውን ያያል። አራቱንም እግር አይፈታም! መኪና ላይ ስንደርስ ግን ይህ የአባቶቻችን ልማድ ይጠፋብናል። የሚቆራረጥ ሞተር ላይ ቀላሉ ዘዴ ያው ነው፤ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ ማጥፋት። ስታጠፋው ሞተሩ የባሰ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር፤ ለውጥ ካላመጣ የሳተው እሱ ነው። ድሮ ጌቶቻችን ይህንን በጆሮ ብቻ ያደርጉት ነበር። (ገመዱን በባዶ እጅ አትንቀሉት፣ ያነዝራል፤ ለረጅም ጊዜም አታቆዩት፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ማርሚታ ድረስ ይወርዳል።) የከሰልና የድንች አይሱዙዎቻችን ናፍጣ ስለሆኑ ካንዴላ የላቸውም፣ ግን የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ አንድ በአንድ ላላ በማድረግ ያው ፈተና ይሠራል። ባጃጅ ብቻ ናት የማትመቸው፣ አንድ ሲሊንደር ስለሆነች ከሳተች ቆመች።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አሁን ስካነር አለ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀርቷል» ይሉኛል። ስካነር ጥሩ ነው፣ እኔም ብኖረኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ፒ0303 የሚለው ኮድ «ሦስተኛው ሲሊንደር ስቷል» ይላል እንጂ ለምን እንደሳተ አይነግርህም። ካንዴላ ነው? ኖዝል ነው? የተቃጠለ ቫልቭ ነው? ፒ0016ም ክራንኩና ካሙ እንዳልተስማሙ ይጠቁማል እንጂ ሰንሰለቱ ተለጥጦ ይሁን፣ ዘይት ሳይለወጥ ቆይቶ ቪቪቲ-አይው ተደፍኖ ይሁን፣ ወይም እንደ እኔ ያለ ሰው ጥርስ ስቶ ይሁን ለይቶ አይናገርም። ኮዱን አይተው ዕቃ የሚለውጡ ከሆነ ያው ካንዴላ፣ ኮይል፣ ፊልትሮ ነው፤ ልዩነቱ ውድ መሆኑ ብቻ ነው። ቪትዝና ያሪስ ላይ ሰንሰለት እንጂ ቤልት ስለሌለ ታይሚንግ የማይነካ የሚመስላቸውም አሉ። የሰንሰለቱ ዕድሜ በዘይት ነው፤ ዘይቱን የረሳ ሰው ሰንሰለቱንም ረስቷል።

ደግሞ ይህ ጉዳይ የሚያልፍ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ወሰነ። የውሳኔውን ጥሩነት መጥፎነት ሌላ ሰው ይጻፍበት። ለእኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያሉት ኮሮላዎች በአዲስ ቤንዚን መኪና አይተኩም፤ እስኪያልቁ ድረስ እኛው ነን የምንጠግናቸው። በስህተት የወረደ ሞተር ምትኩ እንደ ድሮው አይገኝም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? እንደ እኔ እምነት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ጋራዡ የሚከፈለው በለወጠው ዕቃ ልክ መሆኑ ነው። ለመፍታትና ለመግጠም ሰው ይከፍላል፤ ለማየት ግን «ምን ሠራህና?» ይባላል። መምህራችን ግማሽ ሰዓት ያለ መፍቻ የቆመው ደመወዝተኛ ስለሆነ ነው፣ የጋራዥ ኃላፊ ቢሆን ኖሮ ያ ግማሽ ሰዓት ከስሮ ነበር። ስለዚህ በኃላፊዬ አልፈርድም። ብዙ ልጆች የሚያስተዳድር ሰው ነው፣ እጁም ከእኔ መቶ እጥፍ ይሻላል። ጋራዦች «ምርመራ ይህን ያህል ብር» ብለው በግልጽ ቢጽፉና ደንበኛውም ቢለምድ ሁለቱም ይጠቀማሉ ባይ ነኝ።

ሁለተኛው እኛ ጋ ነው። በወርክሾፕ ፈተና የምንለካው በምንድን ነው? ፈትቶ በመግጠምና በሰዓት። ቤልቱን በአርባ ደቂቃ የጨረሰ ከሃምሳ ደቂቃው ይበልጣል። ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር ላዞረ ነጥብ የለውም፤ እንዲያውም ሰዓት ይበላበታል። እኔን ጋራዥ ውስጥ ያስቸኮለኝ ይኸው የለመድኩት ሩጫ ነው። ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሥልጠና ሞተሮቻችን ላይ መምህራን በሽታ ይትከሉ፤ የተበላ ገመድ፣ የተሳተ ጥርስ፣ የተደፈነ ኖዝል። ተማሪው ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች መፍቻ እንዳይነካ ይከልከል። እንደ ባለ መኪና ሆኖ የሚመልስለት ሰው ይኑር፣ ይጠይቀው፣ ይስማ፣ ይለካ፣ ከዚያ የጠረጠረውን ከነምክንያቱ ይጻፍ። ነጥቡ ለምክንያቱ ይሰጠው። «ሞተር ጥቂት፣ ተማሪ ብዙ ነው» እንደሚባል አውቃለሁ፣ እውነትም ነው። ይህ ግን ብዙ ሞተር አይፈልግም፤ አንዱ ሲያዳምጥ ዘጠኙ ቆሞ ማዳመጥ ይችላል። ለመፍታት ነው እንጂ ሞተር የሚያጥረን ለመጠየቅ አያጥረንም።

ለጋሼ የሆነውን በሙሉ ነገርኳቸው። መምህሩ «ካልፈለግህ እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎኝ ነበር፣ እኔ ግን እምቢ አልኩ። ቤታቸው ሄጄ ቤልቱን የሳትኩት እኔ መሆኔን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ጊደሯስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ከአባቴ ጋር ተነጋግረን ከደመወዜ ጥቂት ጥቂት ልከፍላቸው አስበናል፤ እሳቸው ግን «መጀመሪያ ተማር» ነው የሚሉት።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ጋሼ አሁንም መኪናዋ ስታስቸግራቸው ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት እኛ ቤት ይመጣሉ። ባለፈው የውኃ ፓምፑ አፈሰሰና ቤልቱ እንደገና መውረድ ነበረበት። መምህሩ ባለበት እኔው ሠራሁት። ክዳኑን ልገጥም ስል ጋሼ ከኋላዬ ክርናቸውን በር ላይ አስደግፈው «ቆይ እስቲ» አሉኝ፣ «ሁለቴ አዙረህ አሳየኝ።»